የገዴ አንገት

ይህን ታሪክ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ስቀርብ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና ይህችን ብቻ እዘላታለሁ። እርሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፤ "ሌላስ የቀረ ነገር የለም ልጄ?" ይሉኛል። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ "የለም አባ" እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት አንድ ቃል ይዞ መዋሸት እንዴት ይቻላል ብትሉኝ፣ ይለመዳል እላችኋለሁ። ለምን እንደማልቆርብ ሚስቴ ስትጠይቀኝ ጨጓራዬን ሰበብ አደርጋለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም፣ ስለዚህ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል። ይህም አንዱ ፈሪነቴ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ መዋጥ የማስተምርበትን ቀን ይወዱታል። ውሃ አስይዤ አስገባቸውና "ተጎንጩ፤ ግን እንዳትውጡት" እላቸዋለሁ። ጉንጫቸውን ነፍተው ያዩኛል። "እስካሁን ጌቶቹ እናንተ ናችሁ፤ መትፋት ትችላላችሁ። በሉ ዋጡት። ዋጣችሁት? እንግዲህ መልሱልኝ!" ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ በረድ ሲል ነገሩን እነግራቸዋለሁ። እንስሳ ጉርሻውን በፈቃዱ የሚነዳው እስከ ምላሱ ሥር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ የባለቤቱ አይደለም። ከአንጎል ሥር የሚነሣ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። በአንገት ግራና ቀኝ፣ ከትልቁ የደም ሥር ጋር በአንድ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወርዳል። ከጉርሻው በላይ ያለውን ጡንቻ እያጠበቀ፣ ከበታች ያለውን እያላላ ምግቡን ወደ ሆድ ይሸኘዋል። ላም ላይ ሲሆን ደግሞ መልሶ ያመጣዋል፤ ስታመሰኳ አንገቷን ብታዩ አንዲት አይጥ ከቆዳዋ ሥር ወደ ላይ የምትሮጥ ይመስላችኋል። ይህ ነርቭ ከታነቀ ጉርሻው መንገድ ላይ ይቆማል። ላሟ ምን እንደሆነች አታውቅም። ስለራባት ትበላለች፣ የበላችው ግን አይደርስም።

ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ይመስላቸዋል። ከጠረጴዛዬ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፎርማሊን የተሞላ ብልቃጥ አለ። ውስጡ የላም ጉሮሮ ቁራጭ ይታያል፤ ከጎኑ የደም ሥሩና ነጩ ነርቭ በአንድ ጥቁር ክር አብረው ታስረዋል። "ክሩ ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ነርቩ እንዲለይላችሁ ያደረግኩት ምልክት ነው" እላለሁ። ከቢሮ ስወጣ ቋጠሮውን ወደ ግድግዳው አዞረዋለሁ። በማግስቱ ስገባ ወደ እኔ ዞሮ አገኘዋለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ ስትጠርግ ታዞረው ይሆናል። ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃትና "እኔ ነክቼው አላውቅም" ብትለኝ ምን ልሆን ነው?

ነገሩ የሆነው ገና ተመርቄ እንደወጣሁ ነው። የጨንቻ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው። አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ቆላ ወዳለችው ጫኖ ተመደብኩ፤ ገበሬው ዶክተር ሲለኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። ጊዜው የማንጎ ወራት ነበር። በዚያ ወቅት ጫኖ ላይ ላም ማንጎ ሳታኝክ መዋጧ የተለመደ ነው። ዛፉ ሥር የወደቀ ታገኛለች፣ ሰው ሲያባርራት ትሸሻለች፣ እየሸሸች ትውጠዋለች።

ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ገዴ የምትባል ላማቸው እንዲህ ሆነችባቸውና አስጠሩኝ። ገዴ ገና መውለዷ ነበር። ስደርስ አንገቷን ዘርግታ፣ ምራቋ እየተዝረከረከ፣ ግራ ጎኗ ተነፍቶ ቆማለች። ማንጎው አንገቷ መካከል ላይ በእጅ ይዳሰሳል። ማድረግ የነበረብኝን አሳምሬ አውቀው ነበር፤ ሆዷን በመርፌ አስተንፍሼ፣ ዘይት በቱቦ ሰድጄ፣ ፍሬውን በእጄ እያሻሸሁ ቀስ ብዬ ወደ አፏ መመለስ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይወጣል። ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ከቦኛል። አንዱ "ዘይት ለማጠጣት ነው እንዴ ዶክተር የጠራነው? ይሄንንማ እኛስ መች አቃተን?" ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ምላጩን አወጣሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

አደንዝዤ አንገቷን በግራ በኩል ከፈትኩ። ደሙ ፊቴ ላይ ፈነጠቀ። ደነገጥኩ። ምንም አላሳይ ሲለኝ መቆንጠጫውን ወደ ውስጥ ሰድጄ፣ የያዘልኝን ሁሉ በክር ጠፍሬ አሰርኩት። ደሙ ቆመ። ጠርጌ ሳይ ከደም ሥሩ ጋር አንድ ነጭ ገመድ አብሮ ታስሯል። አየሁት። አላየሁትም ልል አልችልም፤ አየሁት። ክሩን ፈትቼ ነርቩን መለየት ነበረብኝ። ደሙ እንደገና ቢፈነጥቅ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት። ማንጎውን ለማውጣት ጉሮሮዋን ስጎትት ደግሞ በቀኝ በኩል ያለውንም ነርቭ ሳልጎዳው አልቀረሁም። ፍሬው ወጣ። እልልታው ቀለጠ። ቁስሉን ሰፍቼ እጄን ልታጠብ ዞርኩ።

ውሃ ያስታጠበችኝ አየለች ናት፣ የጋሽ አንጁሎ ምራት። ባሏ ሽመና ሊሠራ አዲስ አበባ ሄዷል። እሷም እንደ እኔ ከጨንቻ የወረደች ስለሆነች በጋሞኛ "የአገሬ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ" አለችኝ። ትንሽ ሴት ልጇ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ እያጮለቀች ታየኝ ነበር። ያኔ የተመረቀው እጅ ነው አሁን ይህን የሚጽፈው።

በማግስቱ ስሄድ ገዴ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዶ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። አፍንጫዋ በቀኝ በኩል እንደ ወትሮው ወዝቷል፤ በግራ በኩል ግን ደርቋል። ግማሿ እዚህ፣ ግማሿ ሌላ ቦታ ያለ ይመስል ነበር። ውሃ ስትጠጣ ውሃው በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ። ሣር ጎረሰች፤ ጉርሻው አንገቷ ላይ እብጠት ሆኖ ትንሽ ወረደና ቆመ፤ ከቆዳዋ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጥጃዋን ልትጠራ አፏን ከፈተች። አፏ ይከፈታል፣ ጎኗ ይሰበሰባል፣ ድምፅ ግን የለም። ጥጃዋ እዚያው አጠገቧ ቆማ፣ ማንም እንዳልጠራት ሁሉ፣ ወደ ሌላ ቦታ ታይ ነበር።

ቤተሰቡ ፈራ። እኔም ፈራሁ፤ የእኔ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። እነሱ ምን እንደሆነች ስላላወቁ ፈሩ፤ እኔ ስላወቅሁ ፈራሁ። የወደቀው የዓይን ቆብ፣ የደረቀው አፍንጫ፣ የጠፋው ድምፅ፣ ሁሉም የሚያመለክቱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ የእኔ ክር ወዳለበት። አንገቷን እንደገና ከፍቼ ክሩን ብፈታው ምናልባት ትተርፍ ነበር። ብከፍተው ግን ጥፋቴ አብሮ ይከፈታል።

ጋሽ አንጁሎ "ዶክተር፣ ምን ሆነችብኝ?" አሉኝ። እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ "ማንጎው ወጥቷል፤ የእኔ ሥራ አልቋል። ይሄ የሕክምና ነገር አይደለም። ቤታችሁን ጠይቁ።"

ቤታችሁን ጠይቁ። ይህ ለጋሞ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማን ይነግረኛል? በእኛ ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ክልክል የሆነውን አድርጎ ጥፋቱን የደበቀ ሰው፣ የደበቀው ነገር በቤቱ ላይ፣ በልጁ ላይ፣ በከብቱ ላይ በሽታ ሆኖ ይወጣል ይባላል፤ በሰው ፊት ተናግሮ ካልታረቀ መድኃኒት የለውም። እኔ ተማርኩ ካልኩ ወዲህ በጎሜ አላምንም ነበር፤ እንዲያውም እስቅበት ነበር። ሰዎቹ እንደሚያምኑበት ግን አውቃለሁ። እኔ የማልቀበለውን የእነሱን እምነት አንስቼ ምላጬን ሸፈንኩበት። ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም ቢሆን ይህን ውሸት መዋሸት እንኳ አይመጣለትም ነበር። እኔ የአገሬን ሰው ልብ ስለማውቅ መጣልኝ።

ቤቱም ተጠየቀ። በዚያ ቤት ልማድ፣ አዲስ የወለደች ላም ወተት የቤቱ ታላቅ ሳይቀምሰው ሌላ ሰው አይነካውም። አየለች ማንም ሳያስጨንቃት ራሷ ተናገረች፤ ልጇን አተኩሷት ስለነበር ጋሽ አንጁሎ ሳይቀምሱ አንድ ሲኒ ወተት አጠጥታታለች። እውነቷን ነው። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መረቋት፣ ነገሩ ታረቀ ተባለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ገዴን አየ። ገዴ ሣር ጎረሰች። ጉርሻው አንገቷ ላይ ቆመ።

የከፋው ከዚህ በኋላ ነው። ተናግረህ፣ ታርቀህ፣ በሽታው ካልለቀቀ፣ ያልተናገርከው ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ አየለችን ደግመው ጠየቋት። ለአማቷ ክፉ ቃል መመለሷን ተናገረች። ገዴ አልዳነችም። ቅቤ ደብቃ ለእናቷ መላኳን ተናገረች። ገዴ አልዳነችም። ሴትዮዋ ኑሮዋን ከላይ እስከ ታች ስትበረብር፣ ላሚቱ ግማሽ በተከደነ ዓይኗ ታያት ነበር፤ ባዶ አፏን ታላምጣለች፣ ወደ ላይ የሚመጣውን ጉርሻ ትጠብቃለች፣ አይመጣም። እኔስ? እኔ እየተመላለስኩ የላሚቱን ሙቀት እለካ ነበር። ሙቀት! ምን ትኩሳት ላገኝ ነው? የማውቀውን ላለመናገር እጄ አንድ ሥራ ይፈልግ ነበር፤ ያንን ሰጠሁት።

በመጨረሻ ነገሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ወደሚያዩበት ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻው ወጣ። እኔም ተጠራሁ። ታላቁ ሽማግሌ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ገራገር ሰው ነበሩ። ማንንም አልተቆጡም። የቤቱን ሰው በየተራ ጠየቁና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንተም ይህችን ላም በእጅህ ነክተሃል" አሉኝ። "በአንተ በኩል የቀረ ነገር አለ ወይ?"

በሩን በሰፊው ከፈቱልኝ። ያ ቦታ የሚፈርዱበት ሳይሆን የሚታረቁበት ነው። "ፈርቼ ነው፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ" ብል ኖሮ ላሚቱን ክሼ፣ ተመርቄ፣ እራቴን በልቼ አድር ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አየለች ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝ።

"በእኔ በኩል የቀረ የለም" አልኩ።

ያን ጊዜ አየለች ተነሥታ ቆመች። ከባሏ ሌላ ወንድ ጋር ሄጃለሁ አለች። ስሙን ሲጠይቋት አልመለሰችም። ምን ብላ ትመልስ? ስም አልነበረውም።

እንዴት አወቅክ ትሉኝ ይሆናል። ወደ ቤቴ ስመለስ በመስኖው ቦይ ዳር ጠብቃ አገኘችኝ። አላለቀሰችም።

"ዶክተር" አለችኝ፣ "ያለኝን ሁሉ ተናግሬ ጨረስኩ። ዛሬ ደግሞ የሌለኝን ተናገርኩ። አሁንስ ትድናለች አይደል?"

"እንጃ" አልኳት።

ብዙም ሳትቆይ ገዴ ሞተች፤ የሣር ክምር አጠገቧ እያለ፣ አፏ በሣር እንደተሞላ፣ በረሃብ። በሽታው ወደ ሌሎቹ ከብቶች የሚተላለፍ ስለመሆኑ ልመርምር ብዬ ሰዎቹን አራቅኋቸው። ውሸቴን ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ቆዳዋን የሚገፍፍ ሰው ክሩን እንዳያገኘው ፈርቼ ነው። አንገቷን ከፈትኩ። ቋጠሮው እንዳሰርኩት አለ። ቆርጬ አወጣሁትና በዕቃዬ ውስጥ ደበቅኩት። ውሃ ውስጥ ልጥለው፣ ልቀብረው፣ ላቃጥለው ይገባኝ ነበር። አንዱንም አላደረግሁም። ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ከእኔ ሌላ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ነገር በዓለም ላይ እንዲቀር ፈልጌ ይሆን?

ሽማግሌዎቹ አየለችን ከቤቱ ጋር ለማስታረቅ ብዙ ደከሙ። ባሏ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ግን አሻፈረኝ አለ። እሷ ወደ ጨንቻ ወደ ወላጆቿ ቤት ወጣች፤ ልጅቷ በአባቷ ቤት ቀረች። ሲለያዩ አላየሁም። ያን ቀን ሆን ብዬ አባያ ዳር ወዳሉት መንደሮች ለክትባት ሄጄ ነበር። ሐይቁ ዳር ቆሜ ከብቶቹ ሲጠጡ ውሃው በአንገታቸው ሲወርድ አየሁ። የሁሉም ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንገት አያለሁ። ሰው ሲያዋራኝ ፊቱን ሳይሆን አንገቱን ነው የማየው። ድግስ ላይ ሰው ሲጎርስ፣ ሚስቴ ውሃ ስትጠጣ፣ ጉርሻው መውረዱን ሳላይ እፎይ አልልም። አንዳንዴ ማዕድ ላይ እያለሁ "የቀረ የለም" ያልኳት ቃል ትመጣብኛለች። ያን ጊዜ የጎረስኩት ደረቴ ላይ ይቆማል፤ አይወርድም፣ አይመለስም። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። መርምሮኝ "ጤነኛ ነህ" አለኝ። ጤነኛ ነህ የሚል ቃል እንደዚያ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም።

እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህን ይዤ ልቀበር ነበር ያሰብኩት። ዘንድሮ ግን ከአዲሶቹ ተማሪዎች መካከል አንዲት ሕይወት የምትባል ልጅ መጣች። ዝርዝሩ ላይ የአያቷ ስም አንጁሎ ይላል። ቀና ብዬ ሳያት የአየለች ግንባር፣ የአየለች አተያይ ነው። በዚያች ሲኒ ወተት ከትኩሳቷ የዳነችው ልጅ ናት፤ አድጋ የእንስሳት ሐኪም ልትሆን እኔው እጅ ገባች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው ሳምንት ስለ መዋጥ አስተማርኩ። ውሃውን ተጎነጩ፣ ሳቁ። ትምህርቱ አልቆ ሲወጡ ሕይወት መደርደሪያው ጋ ቀረች። አንድ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ብልቃጡን ትኩር ብላ ታያለች።

"መምህር፣ ይሄ ክር ምንድን ነው?"

"ነርቩን መለያ ምልክት ነው።"

"ግን እኮ አጥብቆ ይዞታል፤ ሥጋው ክሩ ላይ አብጧል። በሕይወት እያለች ነው የታሰረው አይደል? ታዲያ ላሟ እንዴት ዋጠች?"

"አልዋጠችም" አልኳት። ስለ ገዴ በሕይወቴ የተናገርኩት የመጀመሪያ እውነት ይህ ነው።

ብልቃጡን ቀረብ ብላ አየችው። "እኛ ቤት እንዲህ የሆነች ላም ነበረች አሉ" አለች፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደምታወራ ቀለል አድርጋ። "የበላችው አይወርድላትም ነበር። በእናቴ ጎሜ ነው የሞተችው። ለዚህ ነው እናቴ ከእኛ ጋር የማትኖረው።"

ምን አልኳት ይመስላችኋል? "የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንብበሽ ነይ" አልኳት። ያቺ ልጅ እናቷን በሌለ ጥፋት እየጠላች አድጋለች፤ የእናቷ ንጽሕና በዓይኗ ፊት መስታወት ውስጥ ተንሳፍፎ ነበር፤ እኔ ምዕራፍ አንብቢ አልኳት።

በጎሜ አላምንም ነበር ብያችኋለሁ። አሁን የምለውን ልንገራችሁ። ሽማግሌዎቹ የተደበቀ ጥፋት አለ ብለው ነበር፤ ነበር። ጥፋተኛው ካልተናገረ አትድንም ብለው ነበር፤ አልዳነችም። ትክክለኛውን ጥያቄ፣ በትክክለኛው ቀን፣ ትክክለኛውን ሰው ጠየቁ። ሰውየው ዋሸ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩም አልልም፤ ወጣትነቴ ለአንድ ቀን ሰበብ ይሆን ይሆናል፣ ለዚህ ሁሉ ዓመት ዝምታ ግን አይሆንም። ታላቁ ሽማግሌ አርጅተዋል፣ ግን አሁንም ዱቡሻው ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ልኬ ቅዳሜ ጉባኤ እንዲያደርጉልኝ ለምኛለሁ። አየለችም ከጨንቻ እንድትወርድ፣ ሕይወትም እንድትመጣ ለምኛለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልተናገርኩም። ብልቃጡን ከመደርደሪያው አውርጄ ፊቴ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ቋጠሮው ወደ እኔ የዞረው እኔው አዙሬው ነው።

ቅዳሜ ሜዳው ላይ ይህን ብልቃጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። እኚያ ሽማግሌ እንደ ያኔው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲጠይቁኝ እለምናቸዋለሁ፦ "ልጄ፣ በአንተ በኩል የቀረ ነገር አለ ወይ?"

አለ።